አራት ብሎኖች ያሉት ሳጥን

ኢስፋራ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2009

ለታናሽ ወንድሜ ለኢልሆም፣

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፤ የዚያ አገር በረዶ አይክፋብህ፤ ጉልበትህ አይድከም። እኛ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። ሚስትህ ማቭጁዳም ደህና ናት። የአባባ አርባ ባለፈው ሐሙስ ወጣ። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ ነበር፤ ሁለት ትልልቅ ድስት ሩዝ ሠርተን ለጥቂት በቃን። ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ያንተን ቦታ እናታችን ማንም እንዳይቀመጥበት ብላ ትራስ አስቀመጠችበት።

ስልክ እያለ ምን ያስጽፋታል እንዳትለኝ። ስልኩ ሲጮህ ሦስታችንም እንከበዋለን፤ እናታችን ታለቅሳለች፣ ሚስትህ "ደህና ነኝ" ብላ ትመልሰዋለች፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። እኔ የምነግርህ ደግሞ ረጋ ብሎ የሚነበብ ነገር ነው።

አባባ ከመሞቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ብዕር መያዝ አቃተው። ሠላሳ ዓመት የሰው ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ግን በዚህ አይሸነፍም። አንተ ባመጣህለት ኮምፒውተር ላይ ማይክሮፎን ሰካ፣ በሩን ዘጋ፣ ኑዛዜውን በገዛ ድምፁ ቀዳ። ምን እንዳለ ለማናችንም አልነገረም። "ይሄ ለኢልሆም ነው፣ ሲመጣ ትከፍቱታላችሁ" ብቻ አለኝ። አንተ ግን ለቀብሩም አልደረስክም፤ ፓስፖርቴን አሠሪዬ ይዞብኛል አልክ፣ እኛም አመንን።

አሁን የደረሰውን ስማ። ክረምት ሲሆን መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንደሚለቁልን አትረሳም። በአርባው ዋዜማ ጠዋት ሲለቁት ከልክ በላይ ሆኖ መጣ። አምፖሉ ፈነዳ፣ ከኮምፒውተሩም ጭስ ወጣ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ገበያ ወዳለው ጠጋኝ ወደ ኡስቶ ራጃብ ወሰድኩት። ከፍቶ አየና ሌላው ነገር ሁሉ ተቃጥሏል፣ ሃርድ ዲስኩ ግን በሕይወት አለ አለኝ። የሚያስፈልገን አንድ የዲስክ ሳጥን ነው፤ ዲስኩን እውስጡ ታስገባዋለህ፣ በአንድ በኩል ኃይል በሌላ በኩል ገመድ ትሰካለህ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ስታገናኘው ያለውን ሁሉ ያወጣልሃል። እዚህ ለድሮው ዓይነት የሚሆን የለም። እዚያ ግን በየሱቁ እንደ ክብሪት ይሸጣል ይላሉ። ጎረቤታችን መምህርት ካሮማት ኮምፒውተር ገዝታለች፤ በፈለጋችሁ ቀን ኑ ብላናለች።

ማቭጁዳን እናታችን ደግሞ ወደ መድኃኒተኛዋ ወሰደቻት። ያንን መራራ ሥር እየጠጣች ነው። ከተጋባችሁ ሰባት ዓመት ሆነ። እኔ በበኩሌ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ባሏ እቤት ያደረው ተደምሮ አምስት ወር የማይሞላ ሴት በምን ታርግዝ፣ በፖስታ ነው ወይ ብዬ እናታችንን ብጠይቃት በማንኪያ ልትመታኝ ነበር።

ሳጥኑን ላክልን።
እህትህ ሳቭሪ

የካተሪንቡርግ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2010

ለተከበሩ እህቴ ለአፓ ሳቭሪ፣

ሰላምና በረከት በቤታችሁ ይውረድ። አላህ አባታችንን በገነት ያኑርልን፤ ለእናታችን ዕድሜ ይስጥልን። ደብዳቤዎ በሃያ አምስት ቀኑ ደረሰኝ። በአርባው ዕለት በምሠራው ግድግዳ ላይ ሆኜ እንዳለቀስኩ ለእናታችን አይንገሩብኝ።

አፓ፣ ያንን ዲስክ ማንም እንዳይነካው እለምንዎታለሁ። ገበያ ያሉት ሰዎች ያበላሹታል። በሰው ቤት ኮምፒውተርም ላይ አይከፈትም፤ የአባባ ጉዳይ የቤት ጉዳይ ነው። በጨርቅ ጠቅልለው ከልብስ ሰንዱቁ ሥር ያስቀምጡልኝ። በማርች ለናውሩዝ በዓል እመጣለሁ፣ ራሴ እከፍተዋለሁ።

ማቭጁዳን መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ይበሉልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ኢልሆም

ኢስፋራ፣ ማርች 29 ቀን 2010

ለወንድሜ ለኢልሆም፣

አዲሱን ዓመት አላህ የጤናና የመገናኛ ያድርግልህ። ናውሩዝ መጣ፣ ሄደም፤ አንተ አልመጣህም። ማቭጁዳ ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠረገች። አንድ ጊዜ ለበዓሉ ነው፤ ሁለተኛውን ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እናታችን ነገሩን ይዛዋለች። ቁጭ ባለች ቁጥር የምታወራው የአባባን ድምፅ ነው። ፎቶ አላት፣ ልብሱ አላት፤ ድምፁን ግን እየረሳሁት ነው አለችኝ፤ ይህን ስትል እንደ ሰረቀ ሰው አፍራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።

አንተ ስትወለድ ለአባባ ያበሰርኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሬዲዮ መጠገኛው ድረስ በባዶ እግሬ ሮጬ የምሥራች አልኩት። የምሥራች ያመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ የሚሰጥ ነገር ዙሪያውን ቢፈልግ አጣና ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ሰጠኝ። ድምፁ የተከፈተ ቀን እናታችንን ያቺን አንተ የላክህላትን ባለ አበባ ሻርፕ እንደማስፈታት ከወዲሁ ነግሬያታለሁ። ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዲስኩን ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ ነድፌዋለሁ። ከኋላው ያሉትን የመሰኪያ እግሮችም አንድ በአንድ ቆጥሬ ስያለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። ይህንኑ ወረቀት ለባለ ሱቁ ስጠው፣ አይሳሳትም። የአባባ ልጅ ነኝ፤ መበየጃና ካቻቢቴ ይዤ ነው ያደግኩት።

ደግሞም እዚያ ዲስክ ላይ ያንተም ነገር አለ እኮ። ካቻምና በጋ ስትመጣ ካሜራዬ ሞላብኝ ብለህ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ስታራግፍ አልዋልክም? ለራስህም ፎቶ ስትል ላክልን።

ሳቭሪ

የካተሪንቡርግ፣ ሜይ 25 ቀን 2010

ለተከበሩ እህቴ ለአፓ ሳቭሪ፣

ሰላሜ ይድረስዎ፤ አላህ የእናታችንን ጉልበት ይማርልን። ሥራ ስለበዛ ዘገየሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ሳጥኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአገራችን ልጅ በሾዲ እጅ ልኬያለሁ። ባለ ሱቁ ለሁሉም ይሆናል ብሎኛል። ባይሆን ግን አይጣደፉ፤ መዘግየቱ ዲስኩን አይጎዳውም።

የእኔ ፎቶዎች የሥራ ቦታ ፎቶዎች ናቸው። ግንብና ሲሚንቶ ነው፣ የሚታይ የለውም። ቢከፈት እንኳ እነሱን አይንኩ።

ኢልሆም

ኢስፋራ፣ ጁላይ 2 ቀን 2010

ለወንድሜ ለኢልሆም፣

ጤናህን ያብዛልህ። ሾዲ ደርሷል፤ አብልተን አጠጥተን ሸኘነው። አንገቱን ደፍቶ በልቶ ሄደ፤ ስለ አንተ ብንጠይቀው "ደህና ነው" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ድሮ ለፍላፊ ነበር፣ አገሩ ለወጠው መሰለኝ።

ሳጥኑ የላፕቶፕ ነው። የአባባ ዲስክ የእጄን መዳፍ ያክላል፤ ያንተ ሳጥን የሲጋራ ፓኮ ነው። በሬ ለጠቦት በተሠራ በረት አይገባም። ኡስቶ ራጃብ አገላብጦ አየውና "ሥዕሉን ልከሽለት ነው?" አለኝ። ልኬለት ነው አልኩ። አፈርኩ።

እኔ አንተን ሞኝ አድርጌ አላሳደግኩህም። ወይ ሥዕሉን አላየኸውም፣ ወይ አይተህ ነው። የትኛው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

አፕሪኮቱ ዘንድሮ ቅርንጫፍ እስኪሰብር አፍርቷል። ማቭጁዳ ጣሪያ ላይ ስታሰጣ ትውላለች፤ ፊቷ ጠቁሯል፣ እጇ ተሰነጣጥቋል። መድኃኒቱን አላቋረጠችም፤ ኢልሆም እንዳታቋርጥ ብሏል አልኳት። ስትጠጣው አፍንጫዋን ትይዛለች።

ሳቭሪ

የካተሪንቡርግ፣ ኦገስት 19 ቀን 2010

ለተከበሩ እህቴ ለአፓ ሳቭሪ፣

አላህ ቁጣዎን ያብርድልኝ፣ እኔንም ከቁጣዎ ያውጣኝ። ሥዕሉን አይቼዋለሁ፤ ባለ ሱቁ ነው የተሳሳተው።

አሁን የተሻለ ነገር አስቤያለሁ። ዲስኩን ለእኔ ይላኩልኝ። ሾዲ በኦክቶበር ይመለሳል፤ በእሱ እጅ ይስጡልኝ። እዚህ አዋቂ ሰው አለ። የአባባን ድምፅ ለብቻው አውጥቶ በጥሩ ሲዲ ላይ ያደርገዋል፣ እልክላችኋለሁ። እናንተ በማታውቁት ነገር ለምን ትደክማላችሁ?

ኢልሆም

ኢስፋራ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2010

ለወንድሜ ለኢልሆም፣

ዛሬ በደስታ ነው የምጽፍልህ፤ ደስታህን ያብዛልህ። ዲስኩን ለሾዲ ልሰጠው ወይስ አልስጠው ብዬ ሳወላውል፣ ትናንት አንድ የማናውቀው ሹፌር ደጃችንን አንኳክቶ እሽግ ሰጠን። ከየካተሪንቡርግ ነው። ብከፍተው ሳጥኑ! ትክክለኛው! ከነኃይል ገመዱ፣ ከነአራት ብሎኑ።

የእኔ ሥዕልም አብሮ ተመልሷል። እያንዳንዱ ልክ ላይ በቀይ እርሳስ ምልክት ተደርጎበታል፤ ሠላሳ ዘጠኙም እግሮች ተቆጥረዋል። ብሎኖቹ በትንሽ ከረጢት ውስጥ ናቸው፣ ከረጢቱም በፕላስተር ከሳጥኑ ጋር ተለጥፏል። በሩሲያኛ ቁራጭ ወረቀት አለ፦ "ለኢልሆም አባት ድምፅ። ብሎኖቹ እንዳይጠፉ። ዚና።"

ዚና ማን ናት? ባለ ሱቋ ከሆነች እጇ ይባረክ በልልኝ፤ እንዲህ ያለች ነጋዴ በእኛ ገበያ አትገኝም። እናታችን የደረቀ አፕሪኮት ላኩላት ብላ አንድ ከረጢት አዘጋጅታለች።

ዲስኩን አስገብቼ በአባባ ካቻቢቴ አጠበቅኩት። ኃይል ስሰካው ዞረ፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት። ግን አልከፈትነውም። ሙት ዓመቱ ኖቬምበር 7 ይውላል፤ የሟች ድምፅ ተደብቆ አይሰማምና በዚያው ቀን ጎረቤት ባለበት በመምህርት ካሮማት ቤት እንከፍተዋለን። ብትደርስ ትደርሳለህ። ትራስህ ከቦታው አልተነሳም።

ሳቭሪ

የካተሪንቡርግ፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2010

አፓ ሳቭሪ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስልክ ብደውል ሁላችሁም ትሰማላችሁና አልደወልኩም። ይህ ደብዳቤ በአውሮፕላን በሚመጣ ሰው እጅ ነው፣ ፈጥኖ ይደርሳል።

አይክፈቱት። በአላህ ይሁንብዎ፣ በሰው ፊት አይክፈቱት። ለጃንዋሪው አዲስ ዓመት እመጣለሁ፣ ይህን ጊዜ የእውነት ነው። ዚና የምኖርበት ቤት ባለቤት ናት፤ አሮጊት ናት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አይታ በራሷ ነው የላከችው። ሳያስፈልጋት ገባችበት።

ለማቭጁዳ ምንም አይበሉ።

ኢልሆም

ኢስፋራ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2010

ኢልሆም፣

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አልወጣልኝ አለ፤ እንደ ደረሰህ ቁጠረው።

ፈጥኖ ይደርሳል ያልከው ደብዳቤ ትናንት ደረሰ። ሰውየው ዱሻንቤ እህቱ ቤት አሥር ቀን ሰንብቶ ነው የመጣው።

እሁድ ሩዙ ተበልቶ፣ ቁርዓን ተቀርቶ፣ ሴቶቹ ሁሉ ወደ ካሮማት ቤት ገባን። አሥራ አራት ነበርን። እናታችን ከፊት፤ ከእሷ ቀጥሎ ዓይኗ የደከመው ጎረቤታችን ቢቢ ሳኖባር፤ ማቭጁዳ በሩ አጠገብ ቆማ ሻይ ትቀዳ ነበር። ሳጥኑን ከኃይል አገናኘሁ፣ ገመዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁ። ትንሿ መብራት በራች።

ኮምፒውተሩ ምን ላድርግላችሁ ብሎ ዝርዝር አወጣ። ካሮማት ከላይ ያለውን ተጫነች፣ ፎቶ አሳይ የሚለውን። የአባባ ፎቶ ይሆናል ብላ ነው፤ እኔም አልከለከልኳትም። ፎቶዎቹ አንዱ ሲሄድ ሌላው እየመጣ ራሳቸውን ያሳዩ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ የእኛ አፕሪኮት ናቸው። ከዚያ ያልከው ግንብና ሲሚንቶ መጣ። ከዚያ አንተ ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ፣ አሮጊቷ ያልካት ሴት ፀጉሯን ፈትታ ትከሻህ ላይ ተደግፋ። ከዚያ ሆዷ ገፍቶ። ከዚያ ከሆስፒታል በር ላይ በሰማያዊ ሪባን የታሰረ ሕፃን ታቅፈህ ስትስቅ። እንዲህ ስትስቅ እኔ አይቼህ አላውቅም።

ገመዱን ለመንቀል እጄን ዘረጋሁ። ቢቢ ሳኖባር ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብላ አንተንና ሕፃኑን ብቻ ለየች። ሌላውን ዓይኗ አላየላትም። ደስታዋ ከልቧ ነበር። ወደ እናታችን ዞራ እጇን ዘረጋችና፦

"የምሥራች! የልጅ ልጅ አገኘሽ! የምሥራቼን አምጪ!"

እናታችን ሻርፗን ፈታች። አስባበት አይደለም፤ ዕድሜ ልኳን የምሥራች ሲሏት ስትሰጥ የኖረች ሴት እጅ ነው። ያንተን ባለ አበባ ሻርፕ ከራሷ አውልቃ ሰጠቻት፤ ከሰጠች በኋላ ነው ማቭጁዳን ያየቻት።

ማቭጁዳ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም። "ስንት ዓመቱ ይሆን?" አለች። እኔ ያን ጊዜ ያ መራራ ሥር ነው ትዝ ያለኝ። ጠጪ እያልኩ ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ አታቋርጥ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። ሕፃኑን ታቅፈህ ጻፍከው? ይህን ብቻ ብትነግረኝ።

ሴቶቹ ሊነሱ ሲሉ እናታችን ተቀመጡ አለቻቸው። "የባሌን ድምፅ ልሰማ ነው የመጣሁት" አለች፣ ራሷን ገልጣ እንደተቀመጠች። ስለዚህ ተከፈተ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስለ ዛፎቹ ተናገረ፣ ስለ እናታችን ተናገረ። ከዚያ ስለ አንተ። አባባ ያውቅ ነበር፣ ኢልሆም። ፎቶዎቹን አግኝቷቸው፣ አንድም ሳይነካ፣ አንተ መጥተህ ለማቭጁዳ ራስህ እንድትነግራት ሲጠብቅ ሞተ። እያወቀ ያን ዓመት ሙሉ ሻዩን ከማቭጁዳ እጅ ይቀበል ነበር። በእሱም አዝኛለሁ፤ ነፍሱን ይማር እያልኩ አዝኛለሁ።

ማቭጁዳ ከአንተ አንድ ነገር ትፈልጋለች። ፈትቼሻለሁ የሚለውን ቃል በእጅህ ጽፈህ ላክላት። በስልክ አትሰማውም።

ሳቭሪ

የካተሪንቡርግ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2011

ለተከበሩ እህቴ ለአፓ ሳቭሪ፣

አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን። ሁለት ወር ብዕር ሳነሳ ስጥል ቆየሁ።

እዚህ ሰው ብቻውን አይኖርም፣ አፓ። መጀመሪያ ለመኖሪያ ወረቀት ነበር። ከዚያ ቤት ሆነ፣ ከዚያ ልጅ ሆነ። በየዓመቱ ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። ወደ ቀብሩ ያልመጣሁት አሠሪ ይዞኝ አልነበረም። ዚና በዚያው ሳምንት ሁለተኛውን ወለደች፤ ትቻት ልመጣ አልቻልኩም። ልጁን ናዚር ብዬዋለሁ፣ በአባባ ስም። ዚና እናንተን ሁሉ ታውቃለች፤ አግብቼ እንደነበር ግን አልነገርኳትም። ሳጥኑን የላከችው ልታስደስተኝ ፈልጋ ነው። ስትነግረኝ ምን ፊት እንዳሳየኋት አላውቅም፤ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የአባባን ድምፅ ይላኩልኝ። ሌላው ይቅር፤ እሱን ብቻ። ለእኔ ነው ያለው። አሥራ አራት ሴት የሰማውን እኔ ልጁ አልሰማሁትም። ዲስኩን ለክረምቱ እዚያ በመጣው በሾዲ እጅ ይላኩልኝ፣ እግርዎን እስማለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ ኢልሆም

ኢስፋራ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2011

ለኢልሆም፣

ሕፃናቱን አላህ ያሳድግልህ፤ እነሱ ምንም አላጠፉም። እናታችን እንዳለች አለች። መድኃኒት የሚባል ነገር ከቤታችን ወጥቷል፤ ሥሩን ማቭጁዳ ራሷ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው፣ ቤቱ ሁለት ቀን ሸተተ።

የምትጠይቀውን እነግርሃለሁ። ደብዳቤህን ከዳር እስከ ዳር ለሁሉም አነበብኩላቸው። ሳነብ ማቭጁዳ ጣቶቿን ለመቁጠር ዘርግታ ትጠብቅ ነበር። ስጨርስ ምን ትቆጥሪያለሽ አልኳት። ስሟ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ነበር የምትቆጥረው። አንድም ጣት አልታጠፈም ነበር። የጠየቀችህ ቃልም አልተጻፈም። አንተ የምትፈልገውን ግን ሁለት ጊዜ ጽፈሃል።

እናታችን ያንተን ፍራሽ አጥፋችሁ አንሱት አለች፣ የማቭጁዳ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ማቭጁዳ አፕሪኮቱ እስኪለቀም እቆያለሁ ብላለች፤ ከዚያ በኋላ ራሷ ታውቃለች። ከሰዓት በኋላ ካሮማት ቤት እየሄደች ኮምፒውተር ትማራለች። በፍጥነት ገብቷታል።

ዲስኩን ለመላክ ስንነጋገር፣ ድምፁ የእሷም ጉዳይ ስለሆነ እሷን ጠየቅናት። ተነስታ ካሮማት ቤት ሄደች፣ ሳጥኑን ራሷ ሰካችው፣ የአባባን ድምፅ ወደ ካሮማት ኮምፒውተር ቀዳች፣ ለእናታችንም በሲዲ አደረገችላት። ከዚያ ከዲስኩ ላይ አጠፋችው። ያንተን ፎቶ አንድም አልነካችም። "ስምንት ዓመት ዝም ብሎኛል። ዝም ያለውን ይውሰድ" አለች። እኔም ተይ አላልኳትም።

ስለዚህ ዲስኩን በሾዲ እጅ ልኬልሃለሁ። ግንብህ አለ፣ ሚስትህ አለች፣ ሪባን የታሰረው ልጅህ አለ። የአባባን ስም ወስደሃል፤ ድምፁ እዚህ ይቀመጣል።

የደረቀውን አፕሪኮት ለዚና ስጣት። እናታችን አሁንም ላኩላት አለች፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምልከው። ሥዕሌን አስተውላ ያነበበች እሷ ብቻ ናት። ሳጥኑ የእሷ ነው፣ ብሎኖቹንም ፈትቼ በዚያችው ከረጢት መልሼ ለጥፌያቸዋለሁ። አራት ናቸው።

ከድምፁ መጀመሪያዋን ብቻ እጽፍልሃለሁ። እኛ ስንከፍተው እናታችን ወደ በሩ ዞራ አየች፤ በዚህች ቃል ምክንያት ነው። አባባ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ከዚያ እንዲህ ይላል፦

"ኢልሆም፣ መጣህ? በል ተቀመጥ።"

ቀሪውን ቁጭ ብለህ ነው የምትሰማው፣ እዚህ።

ሳቭሪ